ሀ ሁ በአፈር ላይ፣ ቶርኖ በውዳቂ ብረት ላይ



የመጀመሪያዋን «ሀ» የት ላይ እንደጻፋችኋት ታስታውሳላችሁ? በመሬት ውል ላይ ነበር እንዴ? አልነበረም። በፍርድ ቤት ማመልከቻ ላይ ነበር? እሱም አይደለም። በአፈር ላይ፣ በጭራሮ ነው የጻፋችኋት። ጠማማ ሆና ስትወጣ በእጃችሁ አበሳችሁና እንደገና ጻፋችሁ። አፈሩ ዋጋ አልጠየቃችሁም። ስሕተታችሁም ማንንም አልጎዳም። እጃችሁ ከተፍታታ በኋላ ነው ወደ ደብተር የገባችሁት። ከደብተሩ በኋላ ደግሞ አውራ ጣት መቀባት ቀረና ፊርማ መጣ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ብረት ነው። ነገሩ ግን ያው የፊደሉ ነገር ነው።

በማታው ትምህርት ከማስተምራቸው መካከል አንድ የቀጥቃጭ ልጅ አለ። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ። ልጁ ፊደሉን ፈጥኖ ጨርሷል፤ ቁጥር ላይ ደግሞ ማንም አይስተካከለው። አንድ ማታ ሌሎቹ ሲሄዱ ቀረና «ጠመንጃ ጠጋኝ መሆን እፈልጋለሁ። አፈሙዝ በቶርኖ ማስተካከል መማር ነው የምፈልገው» አለኝ።

ከተማ ያለ አንድ የቶርኖ ባለሙያ «ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ማሽኑን አሳይሃለሁ፤ መለማመጃ ብረት ግን ራስህ ይዘህ ና» ብሎታል። ልጁ ከሱቅ የአዲስ ብረት ዋጋ ጠየቀ፤ ዋጋውም አስደነገጠው። ከቤት ሁለት ሐሳብ ወጣ። አንደኛው፣ ጥጃ ያላትን ላም ሸጦ ብረት መግዛት ነው። ሁለተኛው፣ አያቱ የተዉትን አሮጌ ውጅግራ ወስዶ በእርሱ ላይ መለማመድ ነው።

ሁለቱም መንገድ ስሕተት ነው ብዬ ተናገርኩ። አሁንም እላለሁ። ላሟም አትሸጥ፤ ጠመንጃውም አይነካ። ጀማሪ እጅ የሚማረው ወድቆ በተገኘ ብረት ነው። ይህንንም ብረት ለልጆቻችን ማቅረብ የማኅበሩ ሥራ መሆን አለበት። የዛሬው ሐሳቤ ይኸው ነው። ምክንያቱን ደግሞ አንድ በአንድ ላስረዳ።

ቶርኖ ምንድን ነው? ቶርኖ ብረት የሚልጥ ማሽን ነው። ብረቱን በመንጋጋው ነክሶ እንደ እንዝርት ያሾረዋል። ስለቱ ከጎን ተጠግቶ የሚሽከረከረውን ብረት ይልጠዋል። ልጣጩ እንደ ጠጉር ተጠምዝዞ ይወርዳል። የወፍጮ ዘንግ፣ የውኃ ፓምፕ ዘንግ፣ የጋሪ ጎማ ቡሽ፣ ብሎን፣ ሁሉም በቶርኖ ይሠራል። የጠመንጃ አፈሙዝም እንዲሁ።

ነገር ግን አፈሙዝ እንደ ሌላው ብረት አይደለም። የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይገፋል። ጎማ ሲፈነዳ ሰው እንደሚጥል ታውቃላችሁ። በዘመናችን ጠመንጃ ውስጥ ጥይት ሲተኮስ ደግሞ ግፊቱ በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ3,000 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ይህን ሁሉ ኃይል የሚችለው ተመርጦ የተሠራ፣ እሳትና ውርጭ በልክ ያየ ብረት ነው። የጋሪ ቡሽ በፀጉር ቅጥነት ብትሳሳት ጎማው ይንገጫገጫል፤ ሌላ ትሠራለህ። በአፈሙዝ ላይ በዚያው ልክ ብትሳሳት የሰው እጅ ወይም ዓይን ይሄዳል። ስለዚህ አፈሙዝ የጥበቡ መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

የውጅግራው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ውጅግራ በፈረንሳይ አገር የወጣ የ19ኛው መቶ ዓመት ጠመንጃ ነው። ብረቱ አርጅቷል፤ ውስጡ በዝገት ተበልቷል። በጀማሪ እጅ ደግሞ ከተላጠ ሳሳ ማለት ነው። ነገ ለሠርግ አንዱ ቢተኩሰው ሠርጉ ወደ ለቅሶ ይዞራል። የውኃ ቧንቧ ቆርጦ አፈሙዝ ለማድረግ የሚሞክርም አለ። ቧንቧ ለውኃ የተሠራ ነው። ብዙው ጎኑ ላይ የተበየደ ስፌት አለው፤ ግፊት ሲመጣበት እዚያው ላይ ይቀደዳል። ይህን የሚሞክር ሰው ካያችሁ ከልክሉት።

ሕጉም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መሥራትንም ሆነ መጠገንን ይከለክላል። ልጁ ጥበቡን ተምሮ፣ ፈቃድ ባለው ቤት ተቀጥሮ ቢሠራ ማንም አይከለክለውም። በጓሮ ተደብቆ ቢሠራ ግን ጥበቡ ወህኒ ያስገባዋል።

«ታዲያ ከትንሽ መጀመር ለትልቅ ሥራ ያደርሳል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። የአገራችንን ታሪክ እንይ። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረትና የመድፍ መሥሪያ አቋቁመው ነበር። ሠራተኞቹ ሃይማኖት ሊያስተምሩ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። የአገሬውም ሰው አብሯቸው ይሠራ ነበር። እንግዶቹ መድፍ የመሥራት ሙያ አልነበራቸውም። ንጉሡ ሞክሩ አሏቸው። ትንንሹን አስቀድመው ሠሩ፤ ትልቁን ከዚያ በኋላ። መጨረሻ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ይገመታል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ገደማ ተጎተተ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

ከዚያው ታሪክ ሌላም ትምህርት አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ውጊያ ከንጉሡ ትላልቅ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። ባሩድ ስሕተትን አይምርም፤ የንጉሥ መሆኑንም አያይም።

እንግዲህ ወደ ጓሯችን እንመለስ። ለመለማመጃ የሚሆን ምን አለን? ከቶርኖ ባለሙያው ጠይቄ፣ ከልጁም ጋር ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ እንጨት። የደረቀ የወይራ ግንድ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። ስለቱን ማስጠጋት፣ እጀታውን በዝግታ ማዞር፣ ልክ ላይ ማቆም በእንጨት ይለመዳል። ስለቱ ቢሳሳት እንጨቱ ይፈነከታል እንጂ ማሽኑ አይሰበርም። ብናኙ ግን የማሽኑን ዘይት ያበላሻል። ሲጨርሱ ማሽኑን መጥረግ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ አሉሚኒየም። የተቃጠለ የመኪና ፒስተን በየጋራዡ ተጥሎ ይገኛል። ለስላሳ ነው፤ ስለት አይሰብርም። የተቀደደ ድስትም አለ። ድስት ሳስቶ ስለሆነ እንዳለ አይላጥም፤ መቅለጥ አለበት። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል፤ የቀጥቃጭ ወናፍና ከሰል ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሚፈስበት ቅርጽ እርጥብ ከሆነ ውኃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ወደ ፊት ይረጨዋል። ቅርጹ አጥንት ድረስ የደረቀ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ፌሮ። ቤት ሲሠራ የተቆረጠ ቁራጭ ፌሮ ሞልቷል። ላዩ ጎርባጣ ስለሆነ ስለቱን እየመታ ያንኳኳዋል፤ ጎርባጣው እስኪወርድ በዝግታ መሄድ ነው። ብረቱ አንዱ ቦታ ለስላሳ፣ ሌላው ቦታ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ልጁ በፌሮ ትዕግሥት ይማራል። ላዩ እንደ መስተዋት ካልጠራለት ግን የእጁ ጥፋት ነው ብሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ ብረቱም ጥፋት አለበት።

አራተኛ፣ የተሰበረ የወፍጮ ቤት ብረት። ቀልጦ የፈሰሰው ዓይነት ብረት ጥቁር ዱቄት እየሆነ በቀላሉ ይላጣል። ላዩ ላይ ግን ጠንካራ ቅርፊት አለው። መጀመሪያ ቅርፊቱን በአንድ ጊዜ ጠለቅ ብሎ ማንሣት ይሻላል።

አምስተኛ፣ የመኪና ባሌስትራና የጎማ ዘንግ። ይህ ጥሩ ብረት ነው፤ ግን በእሳት የጠነከረ ነው። እንዳለ ቢላጥ ስለቱን ይጨርሳል። መድኃኒቱ ከቀጥቃጩ ቤት አለ። ብረቱ ማግኔት እስከማይዘው ድረስ ይግላል፤ ከዚያ ደረቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ልዝብ ነው። ይህን አባቱ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ልጁ ከከተማ ሊማር የሄደው ነገር እኩሌታው እቤቱ ነበረ ማለት ነው።

ለስላሳውን ከጠንካራው እንዴት ይለዩታል? በሞረድ። ሞረዱ ከነከሰው ለስላሳ ነው። ሞረዱ ካንሸራተተ ጠንካራ ነው። የተለየውም ብረት በኖራ ይጻፍበት፤ «ለስላሳ»፣ «ጠንካራ»፣ «ከአመድ የወጣ»። እዚህ ላይ ፊደል ሥራ ገባች ማለት ነው። መሃይም ሆኖ ጎበዝ ቀጥቃጭ መሆን ይቻላል፤ አባቶቻችን ሆነው አሳይተዋል። የቶርኖ ልክ ግን በሚሊ ሜትር ነው፤ በቁጥር ይነበባል፤ በደብተር ይያዛል። ማንበብ የማይችል የቶርኖ ሠራተኛ ሌላ ሰው እያነበበለት ዕድሜውን ይጨርሳል።

የማይነካም ብረት አለ። ይህን ደግማችሁ አንብቡት፤ ላልቻለም አንብቡለት።

ተዘግቶ የተበየደ በርሜል ወይም የመኪና ድንጋጤ ማብረጃ እሳት ላይ አይደረግም፤ ይፈነዳል። ነጭ ቅብ ያለው የውኃ ቧንቧ አይግልም፤ ጭሱ መርዝ ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ከሁሉም በላይ ከጦርነት የቀረ ብረት አይነሣም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነት ነበር። ከዚያ በፊትም ብዙ ጦርነት አልፏል። በየማሳው ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት ቀርቷል። ሕፃን ልጅ «ብረት አገኘሁ» ብሎ ሲያመጣ ምስጋና አይገባም፤ እንዳይነካው ማስተማር ነው የሚገባው። ቦታውን ምልክት አድርጉና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ንገሩ። ርካሽ ብረት ማለት ሕይወት የማያስከፍል ብረት ማለት ነው።

አሁን የሚነሡ ክርክሮችን ልመልስ።

አንዳንዱ «ውዳቂውን ብረት ለነጋዴ ብንሸጠው ገንዘብ እናገኛለን» ይላል። እውነት ነው፤ ይገኛል። ግን አስቡት። ቁራጩን በኪሎ በርካሽ ትሸጣላችሁ። የወፍጮው ዘንግ ሲሰበር ደግሞ ያንኑ ብረት ከከተማ በውድ ትገዛላችሁ። የመጓጓዣውና ሥራ የፈታው ቀን ይጨመርበት። ልጁ ቢማር ከሸጣችሁት ቁራጭ ውስጥ ዘንጉ ይወጣ ነበር። ሁሉንም አትሽጡ ነው የምለው እንጂ ጨርሶ አትሽጡ አላልኩም።

ሌላው «በመጥፎ ብረት የተማረ መጥፎ ሠራተኛ ይሆናል» ይላል። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ፤ አልክድም። ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ብረት ላይ ብቻ የተማረ ሰው ጥፋቱ ከእጁ ይሁን ከብረቱ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ዓይነቱ የታወቀ አንድ ሜትር አዲስ ብረት ያስፈልገዋል። ያ የፈተናው ወረቀት ነው። እሱን አንድ ቤተሰብ ላም ሸጦ ከሚገዛ ማኅበሩ አዋጥቶ ይግዛው። አንድ ሜትር ብረት ለብዙ ሰው ቢካፈል ሸክም አይደለም።

ሦስተኛው ክርክር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የሚነገረው። «ለቀጥቃጭ ልጅ ምን በወጣን?» የሚል ነው። ይህን ሰምቼ ዝም ብል ኖሮ አስተማሪ መባል ባልተገባኝ። የምታርሱበትን ማረሻ ማን ሠራው? የምታጭዱበትን ማጭድስ? እርሳቸው ናቸው የሠሩት። ማረሻውን በቀን ትቀበላላችሁ፤ በማታ ደግሞ «ቡዳ ነው» ብላችሁ ልጆቻችሁን ከደጃቸው ታርቃላችሁ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ አገሪቱን ማረሻ እንኳ የሚሠራ ሰው ያሳጣታል የሚል ነበር ምክንያቱ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከአንዳንዱ ሰው አፍ አልጠፋም። ይህ ኋላቀር ልማድ ነው፤ ይብቃ!

ቀጥቃጩ አባት አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ብረቱ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ማረሻዬን ወስዶ እጄን የማይጨብጠኝ ሰው ነው።» እኔ መልስ አልነበረኝም። መልሱ ከእናንተ ዘንድ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

ማኅበሩ በመጋዘኑ አንድ ጥግ ለውዳቂ ብረት ይመድብ። እያንዳንዱ ቤት በጓሮው የወደቀውን አንድ አንድ ቁራጭ ያምጣ። ቀጥቃጩ አባት ዓይነቱን ይለዩ፤ ለዚህም ይከበሩ። ከማታው ተማሪዎች አንዱ በመዝገብ ይጻፍ፤ ምን መጣ፣ ማን አመጣ፣ ማን ወሰደ። መማር የሚፈልግ ወጣት፣ ሴት ልጅም ብትሆን፣ ከዚያ ይውሰድ። በለውጡ የሠራውን ዕቃ፣ ልኩ የተስተካከለውን፣ ለማኅበሩ ይስጥ።

ለተማሪውም ምክር አለኝ። ጋቢና ሰፊ እጅጌ ለብሰህ ማሽን አጠገብ አትቁም፤ ይጠመጥምሃል። ቀለበትህን አውልቅ። ዓይንህን በመነጽር ጋርድ። ልጣጩን በእጅህ አትያዝ፤ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ብረቱን ያጠበቅህበትን ቁልፍ ሳትነቅል ማሽኑን አታስነሣ። የሠራኸውን ሁሉ ለካ፤ የለካኸውን ጻፍ።

ልጁ ምን ደረሰ? ላሟ አልተሸጠችም። ውጅግራው ከተሰቀለበት አልወረደም። ከጋራዥ ሦስት አሮጌ ፒስተን፣ ከሠፈር ፌሮና አንድ የተሰበረ የመኪና ዘንግ ሰበሰብን። ዘንጉ በአባቱ አመድ ውስጥ አደረ። ከወይራውና ከፒስተኑ በኋላ ከዘንጉ የጋሪ ቡሽ ሠራ። የመጀመሪያዋ ጠበበችና አልገባችም። ሁለተኛዋ ሰፋችና ተንገዋለለች። ሦስተኛዋ ገባች። ጋሪው ባለፈው ገበያ ጤፍ ጭኖ ሄደ፤ ጭኖ የተመለሰው ደግሞ ጨው ነው። ደብተሩ ላይ የሦስቱም ቡሽ ልክ ተጽፏል። የተሳሳቱትን እንዳይሰርዝ ነግሬዋለሁ።

አፈሙዝ የመሥራት ምኞቱን አልተወም። «መጀመሪያ መቶ ቡሽ ልሥራ፣ ከዚያ ፈቃድ ያለው ቤት እጠይቃለሁ» ይላል። ይህን ሲል ሰምቼ ደስ አለኝ። ጥበቡ ከእጁ በፊት ወደ ልቡ ገብቷል።

እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ጓሯችሁን ተመልከቱ። ከግድግዳው ሥር የዛገ ቁራጭ ታያላችሁ። ዝም ብላችሁ አትለፉት። ለአንዱ ልጅ እሱ አፈርና ጭራሮው ነው።

ፊደል በአፈር ላይ ተጀመረ፤ ጥበብም በውዳቂ ብረት ይጀመር!
ባለ እጅ ይከበር!